ድምፃችንን በሰው ብንልክስ? ኩባንያን በወኪል ስለመጠየቅ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ውስጥ አክሲዮን ያለው ሰው ብዙ ነው። አንዱ ባንክ አለው፣ ሌላው ኢንሹራንስ፣ አሁን አሁን ደግሞ ቴሌ። የባለአክሲዮኖች ጉባኤው ግን አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ነው። ሥራውን ጥሎ፣ የአውቶብስ ወይም የአውሮፕላን ከፍሎ፣ አልጋ ይዞ የሚሄደው ጥቂት ሰው ነው። እናም ሰርተፊኬቱ ቁምሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ድምፁም አብሮት ይቀመጣል።

እኔና የሰፈሬ ሰዎች፣ ሰባት ሆነን፣ ላለፉት ሦስት ዓመታት ተሰባስበን በአንድ ተወካይ በኩል ባንካችንን ስንጠይቅ ቆይተናል። ይህን የሰማ ሰው ከዚራ ሰፈርም ያግኘኝ ሳቢያን የሚጠይቀኝ ተመሳሳይ ነገር ነው። መልሶቹን አንድ ላይ ጻፍኳቸው።

ነገሩ በአጭሩ ምንድን ነው?

አክሲዮን የገዛ ሰው ባለቤት ነው። ድርሻው ትንሽ ቢሆንም ባለቤት ነው። ባለቤት ደግሞ ንብረቱን ይከታተላል፤ ይጠይቃል። በውጭው ዓለም ብዙ ባለገንዘቦች፣ በተለይ የጡረታ ፈንዶች፣ ይህን የመጠየቅና የመከታተል ሥራ ለባለሙያ ድርጅት ይሰጣሉ። ድርጅቱ በእነሱ ስም ለኩባንያው ደብዳቤ ይጽፋል፣ ከቦርድ ሰብሳቢው ጋር ይቀመጣል፣ ጉባኤ ላይ ይናገራል፣ በየአጀንዳው እንዴት ድምፅ ቢሰጥ እንደሚሻል ይመክራል። አክሲዮኑ ግን ከባለቤቱ እጅ አይወጣም። የሚላከው ጥያቄው ብቻ ነው።

የሚጠየቀው በሁለት ነገር ዙሪያ ነው። አንደኛው አስተዳደር ነው፦ ቦርዱ ውስጥ ማን አለ? እንዴት ተመረጠ? ኦዲተሩ ስንት ዓመት ቆየ? ለቦርድ አባላት ዘመዶች ብድር ተሰጥቷል ወይ? ሁለተኛው ዘላቂነት የሚባለው ነው። ቃሉ ከበድ ይላል፤ ሐሳቡ ግን ቀላል ነው። ይህ ኩባንያ ዛሬ የሚያተርፈው የነገውን እየበላ ነው ወይስ አይደለም? ውኃው፣ መብራቱ፣ አቧራው፣ የሠራተኛው ደኅንነት፣ ጎረቤቱ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል።

ባለገንዘቦቹ ለምን ራሳቸው አይጠይቁም?

ከብዛቱ የተነሳ ነው። አንድ ትልቅ የጡረታ ፈንድ በሺዎች በሚቆጠሩ ኩባንያዎች ውስጥ አክሲዮን ሊኖረው ይችላል። ሁሉንም ሪፖርት አንብቦ፣ ሁሉንም ቦርድ አግኝቶ አይዘልቀውም። የኖርዌይ መንግሥት ፈንድ በዓለም ገበያዎች ላይ ከሚሸጠው አክሲዮን 1.5 በመቶ ያህሉን ይዞ ሥራውን በራሱ ሰዎች ይሠራል፤ አቅሙ አለውና። መካከለኛውና ትንሹ ፈንድ ግን ይህን አይችልም። ስለዚህ ብዙዎቹ ተሰባስበው አንድ ባለሙያ ይይዛሉ። በብሪታንያ የቢቲ ቴሌኮም ሠራተኞች ጡረታ ፈንድ ንብረት የነበረው ሄርሜስ የተባለ የገንዘብ አስተዳዳሪ ድርጅት በ2004 እ.ኤ.አ. ኢኦኤስ የተባለውን አገልግሎት የጀመረው በዚሁ ሐሳብ ነው። ገንዘባችሁን ማንም ያስተዳድርላችሁ፣ ጥያቄያችሁን ግን እኛ እንይዝላችኋለን የሚል ነው።

ለሐረርና ለድሬ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። አፎቻም እድርም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ሁሉም ሰው ሁሉንም ሥራ አይሠራም፤ ዳኛና ጸሐፊ ይመረጣል፤ እነሱ ይሮጣሉ፤ ከዚያ ቆመው ሒሳቡን ይነግሩናል።

አዲስ ፈሊጥ ነው እንዴ?

አይደለም። በ1971 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን የመኪና አምራቹ የጄኔራል ሞተርስ ባለአክሲዮን ሆና ጉባኤው ፊት ጥያቄ አቀረበች፦ አፓርታይድ ካለበት ደቡብ አፍሪካ ውጡ። የደገፋት ድምፅ በጣም ትንሽ ነበር። ግን የኩባንያው የመጀመሪያው ጥቁር የቦርድ አባል፣ ቄስ ሊዮን ሱሊቫን፣ ከራሱ ቦርድ ተለይቶ ጥያቄውን ደገፈ። በ1977 እ.ኤ.አ. ደግሞ እዚያ የሚሠሩ የአሜሪካ ኩባንያዎች ሊያከብሩት የሚገባ መርሕ አወጣ። አብያተ ክርስቲያናቱም በጋራ የሚጠይቁበት ማዕከል መሠረቱ።

ከዚያ ነገሩ እየሰፋ መጣ። በ2006 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት ድጋፍ የኃላፊነት ኢንቨስትመንት መርሖች ወጡ። ብሪታንያ በ2010 እ.ኤ.አ. ለባለገንዘቦች የክትትል ደንብ አወጣች፤ ደቡብ አፍሪካ በ2011 እ.ኤ.አ.፤ ጎረቤታችን ኬንያ በ2017 እ.ኤ.አ.። በዚያው ዓመት የአውሮፓ ኅብረት ትልልቅ ባለገንዘቦች ኩባንያዎቻቸውን እንዴት እንደሚከታተሉ በይፋ እንዲያሳውቁ፣ ካልሆነም ለምን እንዳላደረጉት እንዲያስረዱ አዘዘ።

ሥራው ከምን ተነስቶ የት ይደርሳል?

ይህን በደንብ ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው «ጠየቅን እኮ» ብሎ የሚተወው ገና መጀመሪያው ላይ ነው።

ባለሙያዎቹ የአንድን ጥያቄ ጉዞ በአራት ደረጃ ይለካሉ። መጀመሪያ ጥያቄው ትክክለኛው ሰው ጋ ይደርሳል። ለቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ መናገር ደረሰ አያሰኝም፤ ቦርዱ ወይም ዋና ሥራ አስፈፃሚው መስማት አለበት። ሁለተኛ፣ ኩባንያው «አዎ፣ ይህ ችግር ነው» ብሎ ይቀበላል። ሦስተኛ፣ ቀንና ቁጥር ያለው እቅድ ያወጣል። አራተኛ፣ እቅዱን ይፈጽማል። ከአንደኛው ወደ አራተኛው ለመድረስ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል።

ኩባንያው ዝም ካለስ? ድምፁ ቀስ በቀስ ከፍ ይላል። ደብዳቤ ይቀድማል፣ ከዚያ ስብሰባ፣ ከዚያ ከሌሎች ባለአክሲዮኖች ጋር የጋራ ደብዳቤ፣ ከዚያ ጉባኤ ላይ በይፋ መናገር፣ ከዚያ ቦርዱ እንደገና ሲወዳደር አለመምረጥ። መሸጥ የመጨረሻው ነው። ጎበዝ ወኪል ወደሚቀጥለው ደረጃ የሚሄደው ያለፈውን አሟጦ ነው። ደግሞም በየደረጃው ለላኩት ሰዎች ይናገራል።

እዚህ አገር ይቻላል ወይ?

መሠረቱ አለ። ባለአክሲዮን በጉባኤ በተወካይ መገኘት ይችላል፤ የኩባንያዎቹ የጉባኤ ጥሪም በየዓመቱ ይህንኑ ይጽፋል። ከ1952ቱ የንግድ ሕግ በኋላ አዲሱ የንግድ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ወጥቷል። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ደግሞ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣንን አቋቁሟል። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. አክሲዮን የሚገበያይበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፈተ፤ ወጋገን ባንክም የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ።

ጥያቄ የመያዝ ሥራን እንደ ሙያ መቅጠር ግን እኛ ጋ ገና ልማድ አልሆነም። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልብ በሉ። ጎረቤትን ወክሎ ጉባኤ መሄድ ሌላ ነው፤ እየተከፈለው «ይህን ግዛ፣ ያን ሽጥ» የሚል ሰው ሌላ ነው። የኢንቨስትመንት አማካሪ ከባለሥልጣኑ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃዱን አሳየኝ ማለት ነውር አይደለም።

ውክልና ስሰጥ ምን ልጠንቀቅ?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የኛ ነገር የተጀመረው ከዚህ ነው።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። (በዕድሜ እናቴ ትሆናለች፤ ግን ድሬ ነን፣ አንቱ አንባባልም።) አክሲዮኗን የገዛችው ገና ሥራ ላይ እያለች ነው። አንድ ዓመት ከጉባኤው በፊት አንድ ሰው ቅጽ ይዞ መጣ። «መምጣት ካልቻልሽ እዚህ ፈርሚ፣ ድምፅሽ እንዳይባክን» አላት። ፈረመች። በኋላ ቅጂውን ስታሳየኝ አየሁት፤ ስሟ አለ፣ የአክሲዮኗ ቁጥር አለ፣ ፊርማዋ አለ። የተወካዩ ስም የሚጻፍበት መስመር ባዶ ነው።

«አቦ፣ ለማን እንደፈረምኩ እንኳን አላየሁም» አለችኝ።

ያ ባዶ መስመር በኋላ በማን ስም እንደተሞላ እስከ ዛሬ አናውቅም። በድምፅዋ ማን ቦርድ እንደገባም አናውቅም። ሕገወጥ ነገር ተሠርቷል አልልም። እሷ ግን ንብረቷን አሳልፋ ሰጥታለች።

ስለዚህ የተወካዩን ስም ሳትጽፉ አትፈርሙ። ውክልናው ለየትኛው ጉባኤ እንደሆነ ቀኑን አስገቡ፤ ለዘላለም የሚሆን ውክልና ጉባኤ ለመገኘት አያስፈልግም። በውልና ማስረጃ የምታደርጉት ከሆነ «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ ትርፍ እንዲቀበል» የሚሉ ቃላት እንዳይገቡ አንብቡ፤ ጸሐፊዎቹ የለመዱትን ሙሉ ውክልና ሊያወጡላችሁ ይችላሉ። የኩባንያውን ቅጽ የምትሞሉ ከሆነ ጥሪው ላይ የተጻፈውን የመጨረሻ ቀን እዩ። አብዛኛውን ጊዜ ጉባኤው ሦስት ቀን ሲቀረው ይዘጋል። ቅጂ ያዙ። ለተወካያችሁም በየአጀንዳው ምን እንዲል በወረቀት ጻፉለት። እኛ በአንድ ገጽ ነው የምንጽፈው፦ ይህን ደግፍ፣ ይህን ተቃወም፣ ይህን ጠይቅ። በሁለት ቅጂ ይፈረማል።

ሰባት ትንንሽ ባለአክሲዮኖች ምን ያመጣሉ?

ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ብዙውን ጊዜ መልሱን ራሱ ወስኖ ነው የሚመጣው። እኔ አንድ ነገር እነግረዋለሁ።

በግንቦት 2021 እ.ኤ.አ. ኢንጂን ቁጥር 1 የተባለ ትንሽ ፈንድ የነዳጅ ኩባንያውን ኤክሶንሞቢልን ገጠመ። የያዘው አክሲዮን ከኩባንያው 0.02 በመቶ ያህል ነበር፤ ከ10,000 አክሲዮን ሁለቱ እንደማለት ነው። ኩባንያው ለመጪው የኃይል ዘመን እየተዘጋጀ አይደለም፣ ቦርዱም የዘርፉ ዕውቀት ይጎድለዋል አለ። ከ12ቱ የቦርድ ወንበሮች ሦስቱን አሸነፈ። በራሱ ድምፅ አይደለም ያሸነፈው፤ ያን ማድረግ አይችልም ነበር። ጥያቄው የተሠራና በማስረጃ የቆመ ስለነበር ትልልቆቹ ፈንዶች ድምፃቸውን ሰጡት።

እኛም ጋ በር አለ። የብሔራዊ ባንክ የ2019 እ.ኤ.አ. የባንኮች የኮርፖሬት አስተዳደር መመሪያ ከቦርድ አባላት አንድ ሦስተኛው ተፅዕኖ ፈጣሪ ባልሆኑ ባለአክሲዮኖች እንዲጠቆሙና እንዲመረጡ ደንግጎ ነበር፤ ማለትም ከ2 በመቶ በታች በያዙት፣ በኛ ዓይነቶቹ። መመሪያው ከዚያ ወዲህ ስለታደሰ ለምርጫ ስትዘጋጁ አሁን የሚሠራበትን ቅጂ ያዙ። ጥቆማ ሲጠራ ዝም የምንል ከሆነ ግን ያ ወንበር ለትንሹ ሰው ተብሎ በትልቁ ሰው ወዳጅ ይያዛል።

ምን ዓይነት ጥያቄ ነው መላክ ያለብን?

ባለፈው ጥቅምት አንድ በረንዳ ላይ ተሰብስበን ነበር፤ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ አመሻሽ ላይ። መጀመሪያ የወጣው ጥያቄ «ባንኩ ድሬን ለምን ረሳት?» የሚል ነው። ስሜቱ የሁላችንም ነበር። ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ መድረክ ላይ ሲነሳ መልሱ ይታወቃል፦ «አልረሳንም፣ ድሬዳዋ በልባችን ናት»። ጭብጨባ፣ ከዚያ ምሳ።

እንደገና ጀመርን። አንዱ ጓደኛችን በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ሲመጣ ያጣቸውን ሰዎች እያነሳ ነበር። ያ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ከዚያ እሱ ራሱ «ለመሆኑ ባንካችን በመያዣ የያዛቸው ቤቶች የት የት ናቸው?» አለ። ሁላችንም ዝም አልን። ጥያቄው እዚያ ጋ ነበር።

በመጨረሻ የጻፍነው ይህ ነው፦ «በድሬዳዋ በደቻቱ ዳርቻና ጎርፍ በሚያሰጋቸው ሌሎች ሰፈሮች ባንኩ በመያዣነት የያዛቸው ሕንፃዎች ስንት ናቸው? ከእነዚህ የጎርፍ ኢንሹራንስ ያላቸው ስንት ናቸው? ብድር ሲፈቀድ ይህ አደጋ በግምት ውስጥ ይገባል ወይ? መልሱን እስከ መጋቢት 30 በጽሑፍ እንጠብቃለን።»

ይህ ጥያቄ ለባንኩም ለከተማውም ይጠቅማል። ቁጥር ይጠይቃል። ቀን አለው። «በልባችን ናት» ተብሎ አይመለስም።

እናንተ የሲሚንቶ ፋብሪካ ባለአክሲዮን ከሆናችሁ ጥያቄያችሁ ስለ አቧራ ማጣሪያው፣ ስለሚነደው የድንጋይ ከሰልና ስለ ሠራተኛው ሳንባ ይሆናል። ሪፖርቱን ሳታነቡ ግን ምንም አትጠይቁ። መልሱ ገጽ 14 ላይ ካለ ሰብሳቢው ገጹን ገልጦ ያነብላችኋል፤ ጊዜያችሁ ያልቃል።

ወኪሉ ለኩባንያው ቢወግንስ?

ይህ እውነተኛ አደጋ ነው፤ በትልልቆቹም ዘንድ አለ። አይኤስኤስ የተባለው ታዋቂ የድምፅ አማካሪ ድርጅት ባለአክሲዮኖችን እየመከረ፣ በሌላ ክንፉ ደግሞ ለኩባንያዎች የአስተዳደር ምክር ስለሚሸጥ ለዓመታት ሲተች ኖሯል። ድርጅቱ ሁለቱ ክንፎች በግንብ የተለያዩ ናቸው ይላል። እኔ ግንቡን ከማመኔ በፊት ከየት ከየት ገንዘብ እንደሚገባ እጠይቃለሁ።

በኛ ደረጃ ጥያቄው ቀላል ነው። ተወካያችሁ ከዚያ ባንክ ብድር አለው? ልጁ እዚያ ተቀጥሯል? ራሱ ቦርድ መግባት ይፈልጋል? ፍላጎት መኖሩ ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ መደበቁ ነው የሚያበላሸው።

ከዚህ የማይተናነስ ሌላ አደጋ አለ፤ ይህኛው የሚመጣው ከኛ ከላኪዎቹ ነው። «ሰው ልከናል» ብለን መተኛት። ብዙ ፈንዶች በየዓመቱ ለባለሙያ ድርጅት ከፍለው፣ በስማቸው ምን እንደተባለ ሳያነቡ ይኖራሉ። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል፤ ባለቤቱ ራሱ ማወቅ ሲተው ግን ወኪሉ ከባለቤቱ በላይ ማወቁ አይቀርም።

ስንት ያስወጣል?

በውጭ አገር ድርጅቶቹ ዓመታዊ ክፍያ ይቀበላሉ፤ ብዙ ጊዜ ከሚከታተሉት ሀብት መጠን ጋር የተያያዘ ነው። የኛ ወጪ የአንድ ሰው የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሁለት ሌሊት አልጋ፣ የኮፒ ገንዘብ ነው። ለሰባት ተካፍለነዋል። ደረሰኝ ይቀርባል።

መሸጥ አይሻልም?

አንዳንዴ ይሻላል። ግን የሸጠ ሰው ጥያቄውን ይዞ ነው የሚወጣው፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው የለም። መጀመሪያ ጠይቁ፣ መልስ ጠብቁ፣ ከዚያ ወስኑ።

እኔ ያለኝ የቴሌ አክሲዮን ብቻ ነው። ይህ እኔን ይመለከታል?

ይመለከታል። በ2017 ዓ.ም. አንዱ አክሲዮን በ300 ብር ሲሸጥ ትንሹ መጠን 33 አክሲዮን ነበር፤ 9,900 ብር። ከ47,000 በላይ ሰው ገዛ። አብዛኛው ድርሻ አሁንም የመንግሥት ስለሆነ በድምፅ ብልጫ የምታመጡት ነገር የለም። የተጻፈ ጥያቄ ግን ብልጫ አያስፈልገውም። የኔትወርክ ጥራት፣ የማማዎቹ የመብራት ምንጭ፣ የደንበኛ ቅሬታ አያያዝ የባለቤት ጥያቄዎች ናቸው።

ከመቼ እንጀምር?

የባንኮች የሒሳብ ዓመት በሰኔ ይዘጋል፤ ጉባኤያቸው አብዛኛውን ጊዜ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ጥሪው ጋዜጣ ላይ እስኪወጣ ከጠበቃችሁ ረፍዷል፤ ከጥሪው እስከ ጉባኤው ያለው ጊዜ አጭር ነው። እኛ በመስከረም እንሰበሰባለን። ያለፈውን ዓመት ሪፖርት እናነባለን፣ ሁለት ጥያቄ ብቻ እንመርጣለን፣ ተወካይ እንሰይማለን። አጀንዳ ማስያዝ የምትፈልጉ ከሆነ ሕጉና የመመሥረቻ ጽሑፉ የሚጠይቁት የአክሲዮን መጠን ስላለ ከሌሎች ከተሞች ባለአክሲዮኖች ጋር ከክረምቱ ጀምሮ መነጋገር ይኖርባችኋል። ሐረርና ጅግጅጋ ቅርብ ናቸው።

ተወካዩ ሲመለስስ?

ያው በረንዳ ላይ ይቀመጣል። በየአጀንዳው ምን ድምፅ እንደሰጠ፣ ጥያቄው ተነቦ እንደሆነ፣ ማን ምን ብሎ እንደመለሰ ከማስታወሻው ያነብልናል። ቃለ ጉባኤው ሲደርስ ደግሞ ከማስታወሻው ጋር እናስተያየዋለን። የዛሬ ዓመት ያነሳነው ጥያቄ ቃለ ጉባኤው ላይ «አስተያየት ተሰጥቷል» ተብሎ ነበር የተጻፈው፤ ጥያቄያችን ሙሉ ቃሉ እንዲገባ ደብዳቤ ጻፍን።

ዘንድሮ የጎርፉን ጥያቄ መድረክ ላይ አነበበው። ሰብሳቢው ጉዳዩ እንደሚመለከታቸው ተናግረው በጽሑፍ መልስ እንደሚሰጡ ቃል ገቡ። ቃለ ጉባኤው ላይም በዚሁ ቃል ገብቷል። እንግዲህ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነን። ጎረቤቴ የመጋቢት 30ን ገጽ በካላንደሯ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ከባዋለች፤ የዘንድሮው ቅጽ ላይም የተወካዩን ስም የጻፈችው በራሷ እጅ ነው።